ለኦርኬስትራ ሞክአፕ ኮምፒዩተር ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የሙዚቃ መምህር ነኝ። ለክር መሣሪያዎች፣ ለእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ለሁለት ሆርን፣ ለቲምፓኒና ለአንድ ማሲንቆ የተጻፈ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሙዝስኮር በተባለው የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ጽፌ ጨርሻለሁ። ሙሉ ኦርኬስትራ በቀላሉ ስለማላገኝ ለኦርኬስትራ መሪዎችና ለፊልም ሠሪዎች የማሰማው ሞክአፕ (ኦርኬስትራውን በኮምፒዩተር አስመስሎ የሚያሰማ ቅጂ) ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ያለኝ ላፕቶፕ በዊንዶውስ የሚሠራ ሲሆን ራሙ 8፣ ኤስኤስዲው 256 ጊጋባይት ነው። ወንድሜ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአሜሪካ ስለሚመጣ ዕቃ ሊያመጣልኝ ፈቃደኛ ነው። የትኛውን ሶፍትዌርና ምን ዓይነት ኮምፒዩተር ልምረጥ?»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህር፣ ጥያቄዎ የሚያነሣው ሶፍትዌርንና ኮምፒዩተርን ነው፤ ሁለቱንም የሚወስነው ግን በመካከላቸው ያለው የድምፅ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ የምለው እውነተኛ ተጫዋቾች ስቱዲዮ ገብተው እያንዳንዱን ኖታ በልዩ ልዩ አጨዋወትና ጉልበት እየተጫወቱ ያስቀዱትን የሳምፕል ስብስብ ነው። ምን ያህል ራምና ምን ያህል ዲስክ እንደሚያስፈልግዎ የሚታወቀው ከእርሱ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩን አስቀድሞ ገዝቶ ላይብረሪውን በኋላ መፈለግ ብዙ ገንዘብ ያባክናል። ስለዚህ ምላሼን ከላይብረሪው ጀምሬ ወደ ኮምፒዩተሩ እመጣለሁ፤ ለወንድምዎ የሚልኩት የዕቃ ዝርዝር አሁን ከሚያስቡት ያነሰ ሊሆን እንደሚችልም ከወዲሁ ልንገርዎ።

በመጀመሪያ ግን የሚያሰሟቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ልብ ይበሉ። የኦርኬስትራ መሪ ሥራዎን የሚመዝነው ከኖታው ነው፤ ቅጂው የሚረዳው ፍጥነቱንና የሥራውን አካሄድ ቶሎ እንዲረዳ ብቻ ነው። ለእርሱ የሚሆነውን ቅጂ ዛሬውኑ ካለዎት ሶፍትዌር ሊያገኙት ይችላሉ። በ2022 መጨረሻ ላይ የወጣው ሙዝስኮር 4 ሙዝ ሳውንድስ የሚባል በነፃ የሚወርድ የድምፅ ስብስብ አለው፤ ይህ ስብስብ ኖታው ላይ የጻፉትን ሌጋቶ፣ ክሬሼንዶና ስታካቶ እያነበበ ይጫወታል። ወደፊት ወደ ሌሎቹ የኖታ ሶፍትዌሮች፣ ወደ ዶሪኮ ወይም ወደ ሲቤልየስ፣ ቢሻገሩ ደግሞ ኖትፐርፎርመር የተባለው መጫወቻ አለ፤ ኖታውን አንድ ሰከንድ ያህል ቀድሞ እያነበበ ሐረጉን ስለሚቀርጽ ደካማ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ሚዛኑን የጠበቀ ድምፅ ይሰጣል። ፊልም ሠሪው ግን ኖታውን አያይም። እርሱ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ስለሆነ በኖታ ሶፍትዌር የተዘጋጀው ቅጂ አይበቃውም፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም በአብዛኛው ለእርሱ የሚቀርበውን ቅጂ የሚመለከት ነው።

ላይብረሪዎች ለምን ያን ያህል እንደሚገዝፉ ለመረዳት አንድ አጨዋወት ብቻ እንውሰድ። የመጀመሪያ ቫዮሊኖች ረዥም ኖታ ሲጫወቱ በ20 የተለያዩ ከፍታዎች፣ በሦስት የጉልበት ደረጃዎች፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀዱ እንበል፤ ይህ 120 ቅጂ ነው። በአምስት የማይክሮፎን ቦታዎች ሲባዛ 600 ይሆናል። ስታካቶ፣ ትሬሞሎ፣ ፒዚካቶ፣ ከኖታ ወደ ኖታ የሚደረገው የሌጋቶ ሽግግር፣ ከዚያም የቀሩት መሣሪያዎች ሲጨመሩ የሚከማቸውን መገመት አያዳግትም። የስፒትፋየር ኦዲዮ «ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ» ይህን በግልጽ ያሳያል፤ በነፃ የሚገኘው ዲስከቨር 200 ሜጋባይት ገደማ፣ መካከለኛው ኮር 28 ጊጋባይት ገደማ፣ ትልቁ ፕሮፌሽናል ደግሞ 600 ጊጋባይት ገደማ ነው። በኮርና በፕሮፌሽናል መካከል ያለው የመጠን ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከማይክሮፎኖቹ ብዛት ነው። ኮር አንድ የተቀላቀለ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ፕሮፌሽናል ግን የቅርቡን፣ የሩቁንና የአዳራሹን ማይክሮፎን ለየብቻ ያቀርባል። የሚክሲንግ (ድምፆችን የማመጣጠንና የማዋሃድ) ልምድ ለሌለው አቀናባሪ ይህ ሁሉ ምርጫ ከጥቅሙ ይልቅ ማደናገሩ ያይላል።

ለእርስዎ የምመርጠው ሙሉውን ኦርኬስትራ የያዘና በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀዳ አንድ ላይብረሪ ነው። ምክንያቱም ላይብረሪው የተቀዳበት ክፍል ከድምፁ ጋር አብሮ ይመጣል። የበርሊኑ ኦርኬስትራል ቱልስ ብዙ ሥራዎቹን የቀዳው ቴልዴክስ በተባለው ሰፊ ስቱዲዮ ውስጥ ሲሆን፣ የቢቢሲው ስብስብ በለንደን በሜይዳ ቬል ስቱዲዮ ተቀድቷል፤ የቪየና ሲምፎኒክ ላይብረሪ የቀደሙ ስብስቦች ደግሞ የክፍል ማስተጋባት እምብዛም በማይሰማበት ቦታ ስለተቀዱ ማስተጋባቱን የሚጨምረው ተጠቃሚው ራሱ ነው። ክሩን ከአንዱ፣ ሆርኑን ከሌላው፣ ፍሉቱን ከሦስተኛው የሚያመጣ ሰው ሁሉንም አንድ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ለማስመሰል ብዙ መልፋት ይኖርበታል። የቢቢሲው ስብስብ ለእርስዎ ሁኔታ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ዲስከቨርን በነፃ አውርደው የሠሩትን ሥራ፣ ኮርን ሲገዙ ያለ ብዙ ማስተካከያ ወደ እርሱ ማዛወር ይቻላል። ሌላ ላይብረሪ ከመረጡ ግን አንድ ነገር አስቀድመው ያረጋግጡ፦ ብዙዎቹ የሚሠሩት ኮንታክት በተባለው መጫወቻ ውስጥ ነው፤ አንዳንዶቹ በነፃው ኮንታክት ፕሌየር ይከፈታሉ፣ አንዳንዶቹ ግን የሚከፈልበትን ሙሉውን ኮንታክት ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ ራምና ወደ ዲስክ እንምጣ። እነዚህን ለየብቻ መገመት አይገባም፤ መጫወቻው ሶፍትዌር ሳምፕሉን ሙሉ በሙሉ ራም ላይ አይጭነውም። የእያንዳንዱን ሳምፕል መነሻ ብቻ ራም ላይ ያስቀምጥና ኖታው ሲነካ ቀሪውን ከዲስክ እያነበበ ይቀጥላል። በኮንታክት ይህ መነሻ ሳይነካ ከተተወ 60 ኪሎባይት ነው፤ ስለዚህ 30,000 ሳምፕል ያለው ሥራ ለመነሻዎቹ ብቻ 1.8 ጊጋባይት ራም ይይዛል። ዲስኩ ፈጣን ከሆነ መነሻውን ማሳጠርና ራም ማትረፍ ይቻላል።

ዲስኩ ምን ያህል መፍጠን እንዳለበት በስሌት እንየው። በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ስቴሪዮ ድምፅ በሰከንድ 288,000 ባይት ያስነብባል። አንድ ቼሎ ክፍል አንድ ኖታ ሲይዝ የሚነበበው ግን አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ለስላሳው፣ መካከለኛውና ኃይለኛው ቅጂ ሦስቱም በአንድነት እየተነበቡ ነው፤ እርስዎ መቆጣጠሪያውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ሶፍትዌሩ አንዱን እያደበዘዘ ሌላውን ያጎላል። አምስቱ የክር ክፍሎች፣ ትንፋሾቹ፣ ሆርኖቹና ገና ያልከሰሙት የቀደሙ ኖታዎች ሲደመሩ በአንድ ጊዜ 200 ድምፅ ላይ መድረስ የተለመደ ነው፤ ይህም በሰከንድ ወደ 58 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። መደበኛ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በወረቀት ላይ ከዚህ በላይ ያነብባል፤ ነገር ግን 200ዎቹ ድምፆች በዲስኩ ላይ ተበታትነው ስለሚገኙ መርፌው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በየጊዜው 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ድምፁ እየተንጣጣ የሚቆራረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ኤስኤስዲ ይህ ችግር የለበትም። በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያህል የሚያነብ ተራ ኤስኤስዲ፣ በዩኤስቢ 3 የሚሰካ ውጫዊ ቢሆን እንኳ፣ ለእርስዎ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ ውድ የሆነውን እጅግ ፈጣኑን መግዛት አያስፈልግዎትም።

ከዚህ ተነሥተን ለኮር ያህል ላይብረሪና ለእርስዎ ዓይነት መካከለኛ ኦርኬስትራ 32 ጊጋባይት ራምና አንድ ቴራባይት ውጫዊ ኤስኤስዲ በቂ ነው እላለሁ። 64 የሚያስፈልገው ብዙ ማይክሮፎን ያላቸውን ላይብረሪዎች በአንድ ጊዜ ለሚከፍት ሰው ነው፤ 128 ደግሞ በየቀኑ ለፊልም የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ አሳስባለሁ፦ አዲስ ኮምፒዩተር ከማዘዝዎ በፊት ያለዎት ላፕቶፕ ራም መጨመር የሚቻልበት መሆኑን ይመልከቱ። ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ከጀርባቸው ሲከፈቱ አንድ ወይም ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው፤ ፕሮሰሰሩ የቅርብ ዓመታት ከሆነና ማስገቢያው ካለ፣ ራም በመቀየርና ውጫዊ ኤስኤስዲ በመጨመር ብቻ ሥራዎን መጨረስ ይችሉ ይሆናል። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ ግን አዲስ መግዛት የግድ ነው።

አዲስ መግዛት ካለብዎት ለጨዋታ ተብለው ከሚሸጡት ላፕቶፖች ይራቁ። የዋጋቸው ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለግራፊክስ ካርድ ነው፤ ሞክአፕ ደግሞ ከግራፊክስ ካርድ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ማክ ሚኒ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ፣ ጠንካራና ኤሌክትሪክ ቆጣቢ በመሆኑ የምወደው ማሽን ነው፤ ራሙ ግን በኋላ ስለማይጨመር ሲገዙ ቢያንስ 24 ወይም 32 ጊጋባይት ያለውን መምረጥ አለብዎት፤ ለውስጣዊ ዲስክ ማስፋፊያ የሚጠየቀውን ውድ ዋጋ ግን ትተው ውጫዊ ኤስኤስዲ ይጠቀሙ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ፣ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ከማክ ሚኒ ይሻላል፤ ማክ ሚኒን ከመረጡ ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የወጪው አካል አድርገው ይቁጠሩት። መብራት ሲጠፋ ዲስክ ላይ እየተጻፈ ያለ ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል፣ ሶፍትዌሩ በየአምስት ደቂቃው በራሱ እንዲያስቀምጥ ማዘዝም ተገቢ ነው።

ስለ ቅጂና ቅንብር ሶፍትዌሩ ብዙ አልጽፍም፤ ሰዎች ከሚከራከሩበት ያነሰ ለውጥ የሚያመጣው እርሱ ነው። በዊንዶውስ ከቀጠሉ ሪፐርን ይያዙ። ለ60 ቀናት ሙሉ ለሙሉ የሚሞከር ሲሆን ለግለሰብ የሚሆነው ፈቃድ 60 ዶላር ነው፤ በደካማ ማሽን ላይም በቅልጥፍና ይሠራል። ማክ ከገዙ ሎጂክ ፕሮን ይያዙ። ኪዩቤዝ ኤክስፕሬሽን ማፕ በሚባለው አሠራሩ አጨዋወቶችን እንደ ኖታ ምልክት ለመጻፍ ስለሚያስችል በፊልም አቀናባሪዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ፋይል መለዋወጥ እስካላስፈለገዎ ድረስ ግን ለእርሱ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣቱ አይታየኝም።

ይልቅ ገንዘብዎንም ጊዜዎንም የምመኝለት ቦታ እጅዎ የሚያርፍበት ነው። የዩኤስቢ ሚዲ ኪቦርድ (ሚዲ የትኛው ኖታ መቼና በምን ጉልበት እንደተነካ ለኮምፒዩተሩ የሚነግር መልእክት ነው)፣ 49 ቁልፍ ያለው ይበቃል፤ ከዚህ ጋር ቢያንስ ሁለት ፌደር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ) ይኑርዎት። ከሙዝስኮር ሚዲ አውጥቶ ሪፐር ላይ መክፈት ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ የመጣ ሥራ እያንዳንዱ ኖታ ልክ በምቱ ላይ የወደቀና ጉልበቱ ደረጃ በደረጃ የሚዘል ስለሚሆን፣ ባለ 600 ጊጋባይት ላይብረሪ እንኳ ሕይወት አይሰጠውም። የወጣውን ሚዲ እንደ መመሪያ ከጎን አድርገው እያንዳንዱን መሥመር በእጅዎ እንደገና ይጫወቱት።

በምሳሌ ላሳይዎ። አራት ሜዠር የሚፈጅ የቼሎ ዜማ አለ እንበል። አንደኛው ፌደር ሲሲ 1 ይሁን (ሲሲ የሚዲ መቆጣጠሪያ መለያ ነው)፤ ይህ በለስላሳውና በኃይለኛው ቅጂ መካከል ስለሚያሸጋግር የድምፁን ቀለም ጭምር ይቀይራል። ሁለተኛው ሲሲ 11 ይሁን፤ እርሱ መጠኑን ብቻ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ሁለቱም ከ0 እስከ 127 ይሄዳሉ። ዜማውን በቀኝ እጅ እየተጫወቱ ሲሲ 1ን ከ40 ይነሡና በሦስተኛው ሜዠር ጫፍ ላይ 90 አድርሰው፣ በአራተኛው ቀስ ብለው ወደ 35 ይመልሱ፤ የመጨረሻው ኖታ እንዲከስም ደግሞ ሲሲ 11ን ወደ ታች ይሳቡ። ረዥም ኖታ ላይ ፌደሩ ፈጽሞ አይቁም፤ ቀስት የሚስብ ክንድ በአንድ ኖታ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ግፊት ይዞ አይቆይምና። ከዚያም ኖታዎቹ ከምቱ የዘገዩ ከመሰለዎ አይደነግጡ፤ የሌጋቶ ሽግግሩ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ሲኒማቲክ ስቱዲዮ ስትሪንግስን በመሰሉ ላይብረሪዎች ይህ መዘግየት እንደ አጨዋወቱ ፍጥነት ከ100 እስከ 330 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ስለሚችል፣ ኖታዎቹን በዚያው መጠን ወደ ፊት ማስቀደም ያስፈልጋል።

ኖታ ማንበብና ማስተማር የሚችሉ በመሆንዎ ከብዙ ጀማሪዎች የሚሻሉበት ቦታም ይህ ነው፦ ላይብረሪው የማይነግርዎን ያውቃሉ። 16 ቫዮሊኖች የተቀዱበትን ድምፅ ይዘው ሦስት ኖታ ያለው ኮርድ ቢጫኑ 48 ቫዮሊን ይሰማል፤ ስለዚህ የተከፋፈለ ክፍል ሲመጣ ሲሲ 11ን መቀነስ ወይም አነስተኛ ስብስብ መጠቀም አለብዎት። የክላሪኔት ተጫዋች መተንፈስ አለበት፤ ሳምፕሉ ግን አይተነፍስም፤ ኖታው ላይ የትንፋሽ ምልክት ባደረጉበት ቦታ ሁሉ ሚዲውንም ይቁረጡት። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሚዛኑ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ የሚጫወት ፍሉት በእውነተኛ አዳራሽ ሁለት ሆርኖች ፎርቴ ሲነፉ አይሰማም፤ በኮምፒዩተር ላይ ግን አንድ ፌደር ከፍ በማድረግ ብቻ ጎልቶ ይሰማል። የኦርኬስትራ መሪ ያን ሰምቶ ሥራዎን ለልምምድ ቢያቀርብ፣ ፍሉቱ የጠፋበት ምክንያት የተጫዋቹ ድክመት ይመስለዋል። እባክዎ ሞክአፑ ኖታዎ ሊሰጥ የማይችለውን ድምፅ እንዳይሰጥ ይጠንቀቁ።

ወደ ማሲንቆው ልምጣ፤ ሥራዎን ከሌሎች ሞክአፖች ሊለየው የሚችለው እርሱ ነው። በቫዮሊን ሳምፕል አይተኩት። የማሲንቆ ድምፅ በፈረስ ጭራ ክርና በቆዳ በተሸፈነ ገላ የሚወጣ ነው፤ ከኖታ ወደ ኖታ ያለው መንሸራተትም ራሱ ዜማ ነው፤ ያንን ሚዲ አይደርስበትም። አንድ ጥሩ ተጫዋች ይጥሩና በእውነት ይቅዱት። ሁሉም ኦርኬስትራ ከሳምፕል ሆኖ አንድ ሕያው መሣሪያ ከፊት ሲቀመጥ፣ የአድማጭ ጆሮ ወደዚያ ሄዶ የቀረውንም ያምነዋል። ለዚህ ሁለት ግብዓት ያለው የድምፅ ኢንተርፌስ (ማይክሮፎንን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) እና አንድ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ይበቃሉ፤ መጋረጃና ምንጣፍ ባለው ክፍል ማይክሮፎኑን ከገላው ግማሽ ሜትር ያህል አርቀው በማስቀመጥ ይሞክሩ፤ የቀስቱ መፋቅ ከበዛ ትንሽ ወደ ጎን ያዙሩት። ተጫዋቹ መሠረቱን ከኦርኬስትራው ላ 440 ጋር አስማምቶ ይቃኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን በቅኝቱ ውስጥ ያሉት ድምፆች ከፒያኖው ትንሽ ቢለዩ በሶፍትዌር አያስተካክሏቸው። ሥራዎ ምት የሌለው፣ በትዝታ ቅኝት ማሲንቆው በነፃነት የሚያንጎራጉርበት ክፍል ካለው፣ ለዚያ ክፍል ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ ማሲንቆውን ያለ ሜትሮኖም አስቀድመው ይቅዱና የሪፐርን የፍጥነት መሥመር በእርሱ ላይ ሠርተው ክሮቹን ከኋላ ያስከትሉ። ተጫዋቹን ለኮምፒዩተር ምት ማስገዛት ያንን ክፍል ይገድለዋል።

ለማዳመጥ ጀርባው የተከፈተ ዓይነት ባለ ገመድ ሄድፎን ይግዙ። ብሉቱዝ አይሆንም፤ ቁልፉን በነኩበትና ድምፁን በሰሙበት መካከል ያለው መዘግየት ለመጫወት አያስችልም። በኢንተርፌሱ በኩል ሲሠሩ በ48 ኪሎኸርትዝ በፈሩን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) 256 ላይ ካደረጉት መዘግየቱ 5 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ መሥመሮቹ ሲበዙና ፕሮሰሰሩ ሲጨነቅ ወደ 512 ከፍ ያድርጉት።

ክፍያን በተመለከተ፣ ወንድምዎ በካርዳቸው ቢከፍሉልዎም አካውንቱ በእርስዎ ስምና በእርስዎ ኢሜይል ይከፈት። አብዛኞቹ የላይብረሪ ፈቃዶች ለሌላ ሰው የማይተላለፉ ስለሆኑ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። በየወሩ የሚከፈልባቸውን አልመክርዎትም፤ ካርዱ የሌላ ሰው ሆኖ አንድ ወር ክፍያው ቢስተጓጎል የጨረሱት ሥራ ራሱ አይጫወትልዎትም። 28 ጊጋባይት በዝግታ ኢንተርኔት ማውረድም አድካሚ ስለሆነ፣ የሚቻል ከሆነ ወንድምዎ እዚያው በእርስዎ አካውንት ገብተው ውጫዊው ኤስኤስዲ ላይ አውርደው ያምጡልዎ፤ እዚህ ሲደርስ መጫወቻው ፋይሎቹ ያሉበትን ቦታ እንዲያውቀው ማድረግ ብቻ ይቀራል።

እስከዚያው ሳምንቱን ሳያሳልፉ ሪፐርንና ዲስከቨርን ባለዎት ላፕቶፕ ላይ ይጫኑ፤ 8 ጊጋባይቱ ለእነርሱ ይበቃል። ከሥራዎ 16 ሜዠር ብቻ ይምረጡና ክሮቹን በእጅዎ ይጫወቱ፤ ኪቦርዱ እስኪመጣ ፌደሩን በማውስ መሳል ይቻላል። በዚሁ ጊዜ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ላይ ያንብቡና የሚቀበለው ራም ዲዲአር 4 ይሁን ዲዲአር 5፣ ማስገቢያው ስንት እንደሆነና ከፍተኛው መጠን ምን ያህል እንደሆነ ከአምራቹ ገጽ ያረጋግጡ። ሁለቱ የራም ዓይነቶች አንዱ በሌላው ማስገቢያ ስለማይገቡ፣ ለወንድምዎ «32 ጊጋባይት ራም» ብለው ብቻ አይጻፉ፤ ሙሉ ዝርዝሩን ይላኩላቸው።